ከሁለቱ ሃምሳዎች ደህናው

ለባለቤቴ ለአስካለ፣ ለአስኩዬ፤

አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ ብዬ መጀመሬ ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አፌን የፈታሁት በዚህ ስለሆነ ደብዳቤውም በሌላ አልጀመር አለኝ።

ከተለየሽኝ ዛሬ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ይህን የጻፈልኝ ሰው የለም፤ ራሴ ነኝ። ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ ባለው አገር፣ በስተርጅና ማታ ማታ ከተማሩት ሁሉ አንደኛ የወጣው ባልሽ ገመቹ ነው። እሺ፣ እስከ ደምቢ ዶሎ ሄዶ የቆጠረ የለም። አንደኛ የወጣሁት በክፍላችን ነው። ክፍላችን ውስጥ ያለነው አሥራ አንድ ነን፤ ፈተናው የዋለው በቆሎ በሚሰበሰብበት ሳምንት ስለነበር የተገኘነው አራት ነን። ከአራቱ አንዷ ልጇ ታሞባት ወረቀቱን ሳትጨርስ ወጣች። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው፤ ሦስት ሰው ጥዬ አንደኛ መውጣቴን አንቺም ብትሆኚ አትክጂኝም።

መጀመሪያ የኦሮምኛውን ፊደል፣ ቁቤውን ተማርኩ፤ እሱ የአፌ ቋንቋ ስለሆነ ብዙም አላስቸገረኝ። ከዚያ ጡረታ የወጡት አስተማሪያችን «የአማርኛውን ፊደል የምትፈልጉ ቆዩ» ሲሉ እኔና ሁለት ሴቶች ቀረን። ሌሎቹ «አንተ ሽማግሌ፣ አንዱ አይበቃህም?» አሉኝ። ለምን እንደቀረሁ ግን አልነገርኳቸውም። አንቺ የጻፍሽው ሁሉ በአማርኛ ነው፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ ያንቺን ነበር። መነጽርም አድርጌያለሁ። «ለአንድ ካሜራ ሁለት ሃምሳ ሌንስ ምን ያደርግልሻል?» እያለ ሲቀልድብሽ የኖረ ሰው አሁን ሁለት ሌንስ አፍንጫው ላይ ጭኖ ይዞራል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ና ላስተምርህ» ስትዪኝ «ከአንድ ቤት አንድ ሰው ካነበበ ለምን ሁለት ሰው ይደክማል?» እያልኩ የሳቅኩት እኔው ነኝ። ያ ቀልድ አሁን ሲታሰበኝ አያስቀኝም።

ቤታችን ደህና ነው። የፎቶ ቤቱን ግማሽ ለአንድ ጸጉር አስተካካይ ሰጠሁት፤ ሙሽሮች ይኳኳሉበት በነበረው መስታወትሽ ፊት ተቀምጠው አሁን ጎረምሶች ጢማቸውን ይላጫሉ። ከበስተኋላ የነበረው ሰማያዊ መጋረጃ ግን እንደተሰቀለ ነው። ጎረቤታችን ሸምሱ ሱቁ ውስጥ ከስኳሩና ከሳሙናው ጎን የስልክ መሸፈኛ መስቀል ጀምሯል፤ «ፎቶ አንሺ የሆነው አገሩ ሁሉ ነው፤ እኔም ካባውን ልሽጥለት» ይላል። እኔ በቆሎ የምዘራው ያው ጉቶ ጊዳ የእናቴ መሬት ላይ ነው። የቀረውን ጊዜ እዚህ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ደጃችን ላይ ተቀምጬ ከአላፊ አግዳሚው ጋር አወራለሁ። ሳላወራ መዋል እንደማልችል ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። አስተማሪያችን ይህን ደብዳቤ ክፍሉ ፊት እንዳነበው አዘውኛል። ስለዚህ አንቺ የምታውቂውን ለማያውቁት ስል ብነግርሽ አትቆጪኝ።

ካሜራሽ የፊልም ካሜራ ነው፤ ያውም የድሮው። ላዩ ላይ ትንሽ መስኮት አለችው። «በእሷ ስታይ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታይሃል» ብለሽ አስተማርሽኝ፤ «ቀለበቱን ቀስ እያልክ ታዞራለህ፤ ሁለቱ ተደራርበው አንድ ሲሆኑ ጠርቷል ማለት ነው፤ ያኔ ትጫናለህ።» እኔም ከዚያ በኋላ በየሠርግ ቤቱ «ቄሱ ሁለቱን አንድ አደረጉ፤ ባለቤቴ ደግሞ አራቱን ሁለት ታደርጋለች» እያልኩ ሕዝቡን አስቅ ነበር። ሥራችን እንዲህ የተከፋፈለ ነበር። አንቺ ታነሻለሽ፤ እኔ ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ እሸከምና የተኮሳተረውን ሰው አስቃለሁ።

ለዚያ ካሜራ ሁለት ሌንስ ነበረሽ። ሁለቱም ሃምሳ ናቸው። «ሃምሳ ማለት አያቀርብም፣ አያርቅም፤ ሰውን በዓይንህ እንደምታየው አድርጎ ይቀበለዋል» ትዪ ነበር። የሰሙት ደንበኞች ሁሉ ግን የሚጠይቁት እኔ የምጠይቀውን ነው፦ ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ሁለት ለምን?

አንደኛው ኤሊው ነው። አጭር ናት፤ ቀለሟ ተልጦ ነሐሷ ይታያል። አንገቷን ካሜራው ውስጥ ቀብራ ትተኛለች፤ ስትፈልጊያት ስበሽ ታወጪና ጠምዘዝ አድርገሽ ትቆልፊያታለሽ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አንዴ «ኤሊው» እላለሁ፣ አንዴ «እሷ» እላለሁ፤ አንቺም እንደዚያው ነበርሽ። ሁለተኛው ዓይናማው ነው። ትልቅ፣ ከባድ፣ መስታወቱ እንደ በሬ ዓይን የፈጠጠ። ካሜራው ላይ ሲታሰር የትንሿን መስኮት አንድ ጥግ ይጋርዳል፤ ከባኮ ስንነሳ ጀምሮ አንገትሽን ወደ ታች ሲጎትትሽ ይውላል። ግን ብርሃን ይጠጣል። ኤሊው ተርቦ የሚያድርበት ጨለማ ቤት ውስጥ ዓይናማው ጠግቦ ይወጣል።

ይኼን ሁሉ ድሮ የማውቀው ለማውራት ያህል ነው፤ ለመምረጥ አይደለም። ሻይ ቤት ተቀምጬ ግን «ለባለቤቴ ሌንስ የምመርጥላት እኔ ነኝ» እል ነበር። ከአርጆ እስከ ሻምቡ ያልነገርኩት ሰው የለም። አንቺም አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት አላሳፈርሽኝም።

ለዚህ ነው የመጨረሻዋ ሳምንት ላይ ያደረግሽው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። ላሊሴ አጠገብሽ ተቀምጣለች። ጨለለቂ ሰፈር ያደገችው ላሊሴ፣ ሦስት ዓመት ከእግርሽ ሥር ቁጭ ብላ ፊልም ማጠብ የተማረችው። እጇን ይዘሽ እንዲህ አልሻት፦ «ከሁለቱ ሃምሳዎች ደህናው ያንቺ ነው። የትኛው እንደሆነ ገመቹ ያውቃል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አልሽ። እኔም፣ ምን ልበልሽ፣ ራሴን ነቀነቅሁ። አውቃለሁ ብዬ! በአምስተኛው ቀን ሄድሽ። ቃልሽ እኔ ላይ ቀረ፤ መልሱ ግን የለኝም።

ላሊሴ ጨዋ ልጅ ናት። አርባሽ አለፈ፣ ሙት ዓመትሽ አለፈ፣ አልጠየቀችኝም። ባለፈው ግንቦት ግን መጥታ «ኦቦ ገመቹ፣ ከመስቀል በኋላ ጊምቢ የራሴን ፎቶ ቤት ልከፍት ነው። የዘንድሮ ሙሽሮች እንደ ድሮው በፊልም አንሺን እያሉኝ ነው። ያቺን የአዴ አስካለን ሌንስ…» አለችኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እሱማ ያለቀ ነገር ነው! አቧራውን ልጥረግለትና እሰጥሻለሁ» አልኳት። ያለቀ ነገር! ከየትኛው አቧራ እንደምጠርግ እንኳ አላውቅም ነበር።

ለላሊሴ እንዲህ ብዬ ማመን ይቻለኝ ነበር፦ አላውቅም፣ ስለ ፎቶዎቿ የምትጽፍበትን ደብተሯን አንብቢና አንቺው ንገሪኝ። ነገር ግን ሁለት ነገር ያዘኝ። አንደኛው ያው ጉራዬ ነው። ሁለተኛው፣ ያንቺን ቃል በመጀመሪያ በሌላ ሰው አፍ መስማት አልፈለግሁም።

ስለዚህ ምን አደረግሁ? ሁለቱንም ይዤ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሸምሱ ፎቶ የተነሳው ለመታወቂያ ብቻ ነው፤ ምክር ለመስጠት ግን አንድ ቀን አፍሮ አያውቅም። «ኧረ ገመቹ፣ ይኼ ምን ያስጨንቃል! ዕቃ ደህና መሆኑ በክብደቱ ይታወቃል» አለና ኤሊውን በአንዱ ሳህን፣ ዓይናማውን በሌላው አድርጎ በስኳሩ ሚዛን ሰቀላቸው። ዓይናማው ጓ ብሎ ወረደ። ኤሊው እላይ ቀርታ ስትወዛወዝ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። «ይኸው ተፈረደ» አለ ሸምሱ። እኔም ደስ አለኝ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ? ትልቁ ከሄደ ኤሊዋ እኔ ጋ ትቀራለች። ከዚያም ሌላ፣ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን የእናቴን ፎቶ ያነሳው ዓይናማው ነው ብዬ ለሃያ ዓመት ስናገር ስለኖርኩ ሚዛኑም ለእኔ የመሰከረልኝ መሰለኝ። ዓይናማውን በነጭ ሻሽሽ ጠቅልዬ፣ ሲቀመጥበት በኖረው የሌንስ ቆርቆሮ ውስጥ መልሼ አስቀመጥኩት። ኤሊውን እንደነበረው ካሜራው ላይ አስሬ ግድግዳው ላይ መልሼ ሰቀልኩ።

ሰኔ ገባ። አስተማሪያችን «ቤታችሁ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ እያነበባችሁ ኑ» አሉን። የሳሙናውን ካርቶን አነበብኩ። የዱቄቱን ከረጢት አነበብኩ። ከዚያ ዓይኔ የዚያ ቆርቆሮ ክዳን ላይ አረፈ። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አለበት፤ ሳየው ከርሜያለሁ፤ የፋብሪካው ስም ነው ብዬ ነበር የተውኩት። መነጽሬን አድርጌ ጣቴን አስቀድሜ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቃል ስሜ ነው። ገሜ። ቤት ውስጥ የምትጠሪኝ ስም። ቀጠልኩ። «ገሜ፣ ሩዙን በየሦስት ወሩ ቀይር።»

መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከታመምሽ በኋላ የጻፍሽው ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው በስሙ ጠርተሽ ትጽፊለታለሽ? ቁጭ አልኩ። የትኛው ሩዝ? ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ትዝ አለኝ። ክረምት የሚያገሣበት አገር ነው የምንኖረው፤ ሌንስ ይሻግታል። አንቺም እርጥበቱን እንዲጠጣ ደረቅ ሩዝ በጨርቅ ከረጢት ቋጥረሽ ከሌንሱ ጋር ቆርቆሮው ውስጥ ታኖሪ ነበር። ክዳኑን ስከፍት የጨርቁ ከረጢት ባዶውን ተጣጥፎ ተኝቷል።

የት እንደገባ ልንገርሽ፤ እንዳትስቂ። በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ሰው በዛ፣ የተዘጋጀው ምግብ አለቀ። ጎረቤቶቻችን ቤቱን ፈትሸው ያገኙትን ሁሉ አበሰሉ። ሩዝም አገኙ። የሌንሱን ሩዝ ቀቅለን ለለቀስተኛ አቅርበናል፣ አስኩዬ! እኔም በልቻለሁ። እንዲያውም ጣፈጠኝና ጨምሩልኝ ብያለሁ።

ዓይናማው እንግዲህ አንድ ሙሉ ክረምት ሩዝ በሌለው ቆርቆሮ ውስጥ ተዘግቶ ነው የከረመው። ከሻሹ ፈትቼ፣ አንቺ ታደርጊው እንደነበረው በአንድ በኩል ባትሪ አብርቼ በሌላው በኩል አየሁት። መስታወቱ ውስጥ፣ ጠርዙ ላይ፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ተዘርግቷል። ሻጋታ። ሠላሳ ዓመት ያኖርሽውን በአንድ ክረምት አሻገትኩት። ሸምሱ መጥቶ «አሞሃል እንዴ? ከቀትር ጀምሮ ድምፅህ አልተሰማም» ብሎ ግንባሬን ነካኝ።

ኤሊው ግድግዳው ላይ ነፋስ ሲያገኝ ስለከረመ ንጹሕ ነው። ታዲያ ኤሊውን ስጥና ተገላገል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ግን ያ መምረጥ አይደለም። አንቺ «ደህናው» ስትዪ ሁለቱም ጤነኞች ነበሩ። ያንቺን ቃል በእኔ ጥፋት ልተረጉመው አልቻልኩም። ሩዙን ቀየርኩ፤ ከዚያ ደብተርሽን አወረድኩ።

ያን ወፍራሙን ደብተር። እያንዳንዷ ፎቶ አንድ መስመር አላት፦ ቦታው፣ ብርሃኑ፣ ሌንሱ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ወይ ሁለት ቃል ፍርድ። ኤሊውን «ኤ»፣ ዓይናማውን «ዓ» ብለሽ ነው የጻፍሽው። ከሰኔ እስከ መስቀል በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንዴም ግማሽ ገጽ አነበብኩ። አንብቤ ስጨርስ ለካ አንቺን ለሁለተኛ ጊዜ አግብቻለሁ።

እንዲህ ይላል አንዱ፦ «አርጆ፣ ሙሽራ ጓዳ ውስጥ፣ አንድ መስኮት። ዓ። ዓይኗ ብቻ ጠራ፤ ይበቃል።» ትዝ አለኝ። ቤቱ ከመጨለሙ የተነሳ እኔ የሙሽራዋን አጎት ሙሽራዋ መስሎኝ ሳስቅ ነበር። አንቺ ግን ዓይናማውን እስከ መጨረሻው ከፍተሽ፣ ሌላው ሁሉ እንደ ጭስ ሲሟሟ ዓይኗን ብቻ አተረፍሽ። ሌላው ደግሞ፦ «ዴዴሳ ድልድይ፣ ቀትር። ኤ። ጥላው ጠነከረ።» አንቺ ራስሽን አትምሪም ነበር። እኔ በዚያ ፎቶ ስንት ሰው ፊት ተኩራርቼበታለሁ!

ከዚያ ይህ መጣ፦ «ጉቶ ጊዳ፣ የገሜ እናት። ጠዋት፣ ደመና። ኤ። እጆቿ ወጡ።»

ኤ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዓይናማው አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ውሸት ሳወራ ኖሬያለሁ፤ ሚዛኑም የመሰከረው ለውሸቴ ነው።

ያ ጠዋት ግን በደንብ ይታወሰኛል። ሃርሜ፣ እናቴ፣ «ሥራ ፈትቼ አልቀመጥም፤ ከፈለገች እየፈለፈልኩ ታንሳኝ» ብላ በቆሎዋን ይዛ ተቀመጠች። እጇ አያርፍም። ኤሊው ደግሞ ብርሃን ስለማትጠጣ በደመና ቀን መዝጊያው ቀስ ብሎ ነው የሚከፈተውና የሚዘጋው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር አትወድም፣ ታደበዝዘዋለች። እኔ «ሃርሜ፣ አንዴ ተይው!» ስል በዓይንሽ ዝም አሰኘሽኝ። መዳፍሽን ወደ ሰማይ ዘርግተሽ ብርሃኑን አየሽ፤ ያንቺ መለኪያ መዳፍሽ ነበር። ከኤሊዋ ሥር እንደ ጥፍር የወጣችውን መያዣ በጣትሽ ዳስሰሽ፣ ካሜራውን ወደ ዓይንሽ ሳታነሺ ርቀቱን አስተካከልሽ። ከዚያ ጠበቅሽ። ስንት በቆሎ ተፈለፈለ! ሃርሜ አንዱን ጨርሳ ሌላውን ከማንሳቷ በፊት ባለችው ትንፋሽ ውስጥ ካሜራውን አነሳሽ፣ ተጫንሽ፣ አወረድሽ። እናቴ መነሳቷንም አላወቀችም። ዛሬ እሷም የለችም፤ እጆቿ ግን ግድግዳችን ላይ አሉ፤ የእያንዳንዱ ጣት ስንጥቅ ይቆጠራል።

እንግዲህ እኔ በመጨረሻ የገባኝ ይህ ነው፤ ከተሳሳትኩ ታርሚኛለሽ። ዓይናማው የዋህ ነው፤ ባለው ብርሃን ይስማማል፣ የሰውን ቁስል ያለሰልሳል፣ የሚቸኩለውን ሰው አይቆጣም። ሳይቀናሽ ሲቀር ትጠሪዋለሽ፤ ይደርስልሻል። ኤሊው ግን ያስጠብቃል። ሰው የጠበቀውን ያህል ይሰጣል። ለመሸከም ቀላል ነው፣ ኪስ ይገባል፣ መስኮቷን አይጋርድም፤ የሚከብደው ጠባዩ ነው። አንቺን አንቺ ያደረገሽ ኤሊው ይመስለኛል።

ቁርጡን የነገረኝ ግን የራሴ ፎቶ ነው። «ገሜ፣ የቤታችን በር። ኤ። ቆንጆ።» እንዲህ ነው የሚለው፣ በገዛ እጅሽ! ክፍሉ ይስማ። ለምትወጂው ባልሽ ያወጣሽው ሌንስ ኤሊው ከሆነ ደህናው እሱ ነው። አለቀ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ላሊሴ ልትሰናበተኝ መጣች፤ በማግስቱ ወደ ጊምቢ ልትሄድ ነው። ሸምሱም የሱቁን ደጃፍ ትቶ መጣ፤ ዓይናማው ሲሰጥ ለማየት። ኤሊውን ከካሜራሽ ፈትቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ። ሸምሱ «ሚዛኑስ?» አለ። «ሚዛንህ ስኳር ይመዝን» አልኩት።

ላሊሴ ስባ አወጣቻት፣ ጠመዘዘቻት፣ ቀጭ ስትል ሰማሁ። «ኦቦ፣ ይቺ የሃርሜን ፎቶ ያነሳችው አይደለችም እንዴ? እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ። ለካ ልጅቷ ታውቃለች! ስንት ዓመት ስዋሽ ዝም ብላ ሰምታኛለች። «እርግጠኛ ነኝ» አልኩ። ደግሜም «አውቃለሁ» አልኩ፤ በዚህ ጊዜ ስናገር ራሴን አልነቀነቅሁም። የዓይናማውንም ነገር ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ሩዙን፣ ለቅሶውን፣ ጨምሩልኝ ማለቴን። ስቃ ስቃ ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገች። «ጠርዙ ላይ ነው፤ ፎቶው ላይ ብዙም አይታይም። ፊልም ለማምጣት አዲስ አበባ ስሄድ የሚያጸዳ ሰው አለ፤ ያኔ ይስጡኝ፣ ወስጄ እመልስልዎታለሁ» አለችኝ። ገለቶሚ፣ ልጄ፣ አመሰግናለሁ አልኳት።

ከዚያ የራሷን ካሜራ አወጣች፤ የኤሊዋ መጠምዘዣ እሱም ላይ ይገባል። «መጀመሪያ እርስዎን» አለችኝ። በራችን ላይ አስቀመጠችኝ። ጭጋግ ነበር፣ ብርሃኑ ትንሽ ነው። «አሁን አይናገሩ። አይሳቁ። ትንፋሽዎንም ያዙልኝ» አለች። ሸምሱ ከኋላዋ ቆሞ «ይኼን ካደረገ ሱቄን እዘጋለሁ» ይላል። መዳፏን ወደ ሰማይ ስትዘረጋ ሳይ፣ አስኩዬ፣ አንቺን ነው ያየሁት። የመዝጊያውን ድምፅ ስሰማ እንደ ድሮው «አበቃ?» ብዬ አልዘለልኩም። ትንሽ ቆይቼ ተነሳሁ።

ደብተርሽን መጨረሴ ስላልበቃኝ እሑድ እሑድ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ማንበብ ጀምሬያለሁ። ሩዙን በየሦስት ወሩ እቀይራለሁ፤ ቤት ውስጥ ሌላ የሚበላ ባይኖር እንኳ ያን ሩዝ የሚነካ የለም። የእናቴን ፎቶ ማን በምን እንዳነሳው ለሚጠይቀኝም ለማይጠይቀኝም ትክክለኛውን እነግራለሁ። እንግዲህ አንቺን የማስታውሰው እንዲህ ነው፤ ስምሽን እያነሳሁ በማልቀስ ሳይሆን ያልሽኝን እያደረግሁ።

ለክፍሉ የማነበው እስከዚህ ድረስ ነው። ይህች የቀረችው ያንቺና የእኔ ናት።

አስኩዬ፣ «ቆንጆ» ያልኩት ከራሴ ጨምሬ ነው። ደብተርሽ እንደዚያ አይልም። አሥራ አንድ ሰው ፊት የሚነበብ ሆኖብኝ ነው። የሚለው እንዲህ ነው፦ «ገሜ፣ የቤታችን በር። ኤ። ተንቀሳቀሰ።» ሌላ ገጽ ላይም፦ «ገሜ፣ ባኮ መንገድ። ኤ። ተንቀሳቀሰ።» «ገሜ፣ ከእናቱ ጋር። ኤ። እሷ ጠራች፤ እሱ ተንቀሳቀሰ።» አሥራ ሰባት ጊዜ ነው ያነሳሽኝ፤ አሥራ ሰባቱንም ተንቀሳቅሻለሁ። በዓይናማው ብታነሺኝ በአንድ ቅጽበት ትይዢኝ ነበር፤ ይህን አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። አንድም ጊዜ ግን «ዓ» የለም። ሁልጊዜ ኤ ነው። አንድ ቀን አርፌ እቀመጣለሁ ብለሽ በኤሊው ስትጠብቂኝ ነው የኖርሽው። ደህናው የትኛው እንደሆነ ያወቅሁት ከዚህ ነው።

የላሊሴ ፊልም ታጥቦ ገና አልመጣም። ከመጨረሻው መስመርሽ በታች በራሴ እጅ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፦ «ገሜ፣ የቤታችን በር፣ ጭጋግ። ኤ።» የመጨረሻውን ቃል ቦታ ባዶውን ተውኩት። ሳልስቅ ቀርቻለሁ ብዬ በድፍረት መናገር አልችልም፤ ሸምሱ ከኋላ ቆሞ ነበር። ተንቀሳቅሼ ከሆነም ያንኑ ያንቺን ቃል እጽፈዋለሁ። አሁን እሱን መጻፍ እችላለሁ።

ገሜ